የጊዮርጊስ ከተማ ቤሩት፦ ፈርሰው ስለተሠሩት ሁለቱ ካቴድራሎች

ባለፈው ከጸሎት በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ታናሽ እኅታችን «ዳውንታውን ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች የማን ናቸው? ለምንስ ሁለቱም ጊዮርጊስ ተባሉ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልጠፋም፤ በዛ እንጂ! አንዷ «ፈረንሳዮች የሠሯቸው ናቸው» አለች። ሌላዋ «ኧረ አዲስ ናቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ ነው የተሠሩት» አለች። እኔም ትንሽ የማውቀውን ስናገር «እንግዲያው ለሚቀጥለው እትም ጻፊልን» ተባልኩና ይኸው ተያዝኩ።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ነገር ግን እዚህ አገር አሥራ አምስት ዓመት ስቀመጥ ያየሁትን፣ የጠየቅሁትንና ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ሚያዝያ 23 እየደረሰ ስለሆነ ጊዜውም ጥሩ ነው። የምጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እዚያ የሄድኩት በሁለተኛ ዓመቴ ነው። የማዳም የእኅት ልጅ ክርስትና ስትነሣ ሕፃኗን እንድይዝ ተወሰድኩ። በር ላይ ስንደርስ ሕፃኗን ተቀበሉኝና «አንቺ እዚህ ጋሪውን ጠብቂ» ተባልኩ። ጠበቅሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ግን ዕጣኑ ይሸተኛል፣ ዜማው ይሰማኛል፣ ቋንቋውን ባላውቀውም «ኪርያላይሶን» ሲሉ ልቤ ዘለለ። ይኼማ የኛም ቃል ነው አይደል? «ኪርያላይሶን» እያልን አይደል ያደግነው? አንገቴን ሰገግ አድርጌ ባይ ደግሞ ሥዕሉ ታየኝ፤ ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከእግሩ ሥር ዘንዶ። ጊዮርጊስ! በዚያች ሰዓት ያገሬን ሰው ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ልጅቷ ዛፍ ላይ የለችም። ከግንቡ በር አጠገብ ዘውድ ደፍታ ቆማለች።

በኛ ሥዕል ዛፍ ላይ የምትወጣዋ ልጅ ስሟ ማን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ብሩታዊት ናት። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስሟ ከአጠገቧ ተጽፎ ይገኛል። ብሩታዊት ማለት ደግሞ የቤሩት ሴት ማለት ነው! እናቶቻችን «የቤሩት ሰዎች ዘንዶ ያመልኩ ነበር፣ ልጆቻቸውን ይገብሩለት ነበር፣ ዕጣው ለንጉሡ ልጅ ሲደርስ ጊዮርጊስ መጥቶ አዳናት» ብለው ሲያወሩልን ቤሩት የተረት አገር ትመስለን ነበር። እኔ ኤርፖርት ወርጄ ስሙን ስሰማ እንኳን አላገናኘሁትም ነበር። የዚህ አገር ሰዎችም ታሪኩን እዚሁ ባሕር ዳርቻ ያደርጉታል። ባሕረ ሰላጤው ራሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ባሕረ ሰላጤ ይባላል። ካራንቲና አጠገብ ያለው የኸድር መስጊድ ቀድሞ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሙስሊሞችም ኸድር የሚሉትን ከጊዮርጊስ ጋር አያይዘው ያከብሩታል። እንግዲህ ሁለቱም ካቴድራሎች በአንድ ስም መጠራታቸው ለዚህ ነው። የከተማው ቅዱስ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሕንጻዎቹ እንምጣ። ሰዓቱ የቆመበት አደባባይ፣ ኒጅሜ የሚባለው፣ እሱ ጋ ያለው የሩም ኦርቶዶክስ ነው። በአንጾኪያ መንበር ሥር ያለ የቤሩት ሊቀ ጳጳስ መቀመጫ ነው። ከእሱ ጥቂት ራመድ ብሎ፣ ሰማያዊ ጉልላት ካለው ትልቅ መስጊድ ጎን የተሠራው ደግሞ የማሮናይት ነው፤ ማሮናይቶች ከሮማ ጋር አንድ የሆኑ ካቶሊኮች ናቸው። የተዋሕዶ ልጆች የሆንን ከሁለቱም ጋር በቁርባን አንድ አይደለንም፤ እኛ ከአርመኖች፣ ከግብፆችና ከሶርያውያን ጋር ነን። ሻማ አብርቶ መጸለይን ግን ማንም አልከለከለንም።

በዕድሜ የሚበልጠው የሩም ኦርቶዶክሱ ነው፤ ታሪኩም ከወለሉ ሥር ነው ያለው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ ሕንጻው ፍርስራሽ ሆኖ ስለቆመ ወለሉን ለመቆፈር ዕድል ተገኘ። ሊይላ በድር የምትባል የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ኃላፊ የነበረች ሴት ሥራውን መራችው። ሲቆፍሩ ንብርብር ሆኖ ወጣ፤ ከላይ የቱርክ ዘመን፣ ከሥሩ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን መሠረት፣ ከሥሩ የቢዛንታይን፣ ከዚያ የሮማውያን መንገድ፣ ከዚያም የግሪኮች ዘመን። መቃብሮችም ተገኙ። ቁፋሮው ተመልሶ አልተደፈነም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሙዚየም አድርገው ደረጃ ሠሩለት። እኛ ቤት ስንጠርግ ምንጣፍ ስናነሳ የምናገኘውን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ደግሞ ምንጣፉ ሲነሳ ሁለት ሺህ ዓመት ተገኘ።

በዚህ አካባቢ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኤውስታቴዎስ የሚባል ጳጳስ ያሠራው የትንሣኤ ካቴድራል ነበር። በግሪክ አናስታሲስ ይሉታል። ከእሱ አጠገብ በዓለም ላይ የታወቀው የቤሩት የሕግ ትምህርት ቤት ነበር። ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከትንሿ እስያ ወጣቶች ሕግ ሊማሩ ወደ ቤሩት ይጎርፉ ነበር። ከተማዋም የሕግ ሞግዚት ተባለች፤ እስከ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት መፈክር ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱን እናውቀዋለን። ቅዱስ ሳዊሮስ ነው፣ የአንጾኪያው! በሃይማኖተ አበው ቃሉን የምንሰማው፣ በቅዳሴ የሚነሣው ሳዊሮስ፣ ገና ሳይጠመቅ ወጣት እያለ እዚህ ቤሩት ሕግ ይማር ነበር። የጥምቀቱ ቦታ ደግሞ ጥራብሉስ ነው፣ በ488። ኋላ በ512 የአንጾኪያ ፓትርያርክ ሆነ። ጓደኛው ዘካርያስ ገድሉን ጻፈለት። እዚያ ገድል ውስጥ ስለ ተማሪዎቹ ኑሮ፣ ማታ ማታ በአብያተ ክርስቲያናት ስለሚጸልዩት ጸሎት ተጽፏል።

አንድ ሌላ ነገርም ተጽፏል። ይኼን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከተማሪዎቹ መካከል ከግብፅ የመጣ ዮሐንስ የሚባል አስማተኛ ነበረ። አንዲት ሴት ወዶ፣ እሷ እምቢ ስላለችው፣ አጋንንቱን ለመማረክ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ባሪያውን በሌሊት ወደ ፈረስ ጉግሥ ሜዳ ወስዶ ሊሠዋው ተነሣ። ባሪያው ማን ይመስላችኋል? ኢትዮጵያዊ ነው። በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያዊ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቢሆንም፣ ለእኔ ለአንባቢዋ ግን ወንድሜ ነው። ሊያርዱት ሲሉ መንገደኞች በዚያ ሲያልፉ ደረሱባቸው። እነሱ ሲደነግጡ እሱ አመለጠ። ነገሩን ተናገረ፤ ጉዳዩ ተጋለጠ፤ የአስማት መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ።

እስቲ አስቡት እኅቶቼ። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በሰው ቤት የሚያገለግል አንድ የኛ ሰው በዚህች ከተማ በሌሊት ሮጦ ነፍሱን አዳነ። የዳነውም ሰው ስላየና እሱም ስለተናገረ ነው። መንገደኞቹ እንኳ ማን እንደነበሩ አልተጻፈም። ዳውንታውን ሳልፍ ሁልጊዜ እሱን አስታውሳለሁ፣ በየት በኩል ሮጦ ይሆን እላለሁ።

ስለ ሕግ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ወደ ግንቡ እመለሳለሁ። ንጉሡ ዮስጢንያኖስ የሮማን ሕግ ሁሉ በአንድ ላይ ሲያሰበስብ በ533 የወጡትን መጻሕፍት ካዘጋጁት መምህራን ሁለቱ፣ ዶሮቴዎስና አናቶልዮስ፣ የቤሩት መምህራን ነበሩ። ዶሮቴዎስ በሠራበት የተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ባርነት ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የሚቃረን ነገር መሆኑ ታምኖ ተጽፏል። አምነው ግን ፈቀዱት። እንዲህም ሆኖ የዛሬዋ የሕግ ሞግዚት በ1946 ያወጣችው የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ለዚህ ነው የዕረፍት ቀናችን በሕግ ሳይሆን በማዳም ፈቃድ የሆነው። ዶሮቴዎስ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

በ551 በሐምሌ ወር ታላቅ ርዕደ መሬት መጣ። ባሕሩም ተነሣ። ቤሩት ወደመች፣ ካቴድራሉም ፈረሰ፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ ወደ ሰይዳ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ በመካከለኛው ዘመን ሌላ ቤተ ክርስቲያን በቦታው ተሠራ፣ እሱም በ1759 በርዕደ መሬት ፈረሰ። ምእመናኑ ቶሎ ብለው ሰፋ አድርገው ሠሩት፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ተደርምሶ ሰው ገደለ። እንደገና ሠሩት። አሁን የምናየው ያ ከ1772 ወዲህ የቆመው ነው። ስንት ጊዜ መሰላችሁ! በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በግንበኛ ስሕተት፣ ኋላም በጦርነት።

ሕንጻው ከኛ ቤተ ክርስቲያን በምን ይለያል? የኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ እንደ ሽንኩርት አንዱ በአንዱ ውስጥ። የእነሱ ደግሞ ረጅም ነው፤ ከምዕራብ በር ትገቢና ቀጥ ብለሽ ወደ ምሥራቅ ትሄጃለሽ። ጣራው የድንጋይ ቅስት ነው፤ በእንጨትና በቆርቆሮ አልተሸፈነም። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ለዚህም ነው ግድግዳው እንዲያ የወፈረው፣ ቀጭን ቢሆን ቅስቱ ወደ ውጭ ገፍቶ ይጥለዋል። ጫማ አይወልቅም፤ ወንበር አለ። እኛ ጋ መቅደሱን መጋረጃ ይጋርደዋል፤ እነሱ ጋ ደግሞ ሥዕል የሞላበት ትልቅ የእንጨት ግድግዳ አለ። መካከሉ ላይ ንጉሣዊ የሚሉት በር አለ። ከበሩ በስተቀኝ ጌታችን፣ በስተግራ እመቤታችን ናቸው፤ ከጌታችን ቀጥሎ መጥምቁ ዮሐንስ ይሳላል። ከእመቤታችን ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመለት ቅዱስ ነው። ስለዚህ የትም የሩም ቤተ ክርስቲያን ብትገቡ፣ ዓረብኛ ማንበብ ባትችሉም እንኳ፣ በስተግራ ሁለተኛውን ሥዕል ካያችሁ የማን ደብር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይኼን አንዲት አሮጊት ሻማ ሻጭ ናት ያስተማረችኝ፣ እግዜር ይስጣት።

የማሮናይቱን የሠራው ዩሱፍ ድብስ የሚባለው ሊቀ ጳጳስ ነው። ከ1884 እስከ 1894 ዐሥር ዓመት ፈጀ። ፊቱ ሮማ ከተማ ያለውን የታላቋን ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ውስጡ በሁለት ረድፍ ዓምዶች በሦስት ይከፈላል፤ ጣራው የእንጨት ሳጥን ሳጥን ሆኖ በወርቅ ቀለም የተሠራ ነው። ቀና ብላችሁ ስታዩ «ይኼን ማን ነው የሚወለውለው?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔ ብያለሁ።

ከ1975 እስከ 1990 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዋ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ስትከፈል መለያው መስመር በዚሁ በሰማዕታት አደባባይ ነበር የሚያልፈው። ሁለቱም ካቴድራሎች ተኩስ መካከል ወደቁ። ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፣ ጣራቸው ተበሳ። አደባባዩ ላይ ያለውን ሐውልት ቀረብ ብላችሁ አይታችሁታል? ጥይት የበሳው ቀዳዳ እንዳለ ነው፤ ሲታደስ ሆን ተብሎ እንዳይደፈን ተደረገ። ማሮናይቱ ታድሶ በ2000 ተከፈተ፤ የሩም ኦርቶዶክሱ በ2003። ሁለቱም እንደ ነበሩ ነው የተሠሩት፤ በዘመናዊ ፋሽን አልተለወጡም። የማሮናይቱ ደወል ቤት ግን ዘግይቶ በ2016 ነው ያለቀው። መጀመሪያ ከዚያ የበለጠ ሊረዝም ታስቦ ነበር፤ ሊቀ ጳጳስ ቡሎስ መጠር ከጎኑ ካለው መስጊድ ሚናራ እኩል እንዲሆን አስቀነሱት። በዚህ አገር ማን በማን ላይ ከፍ አለ የሚባለው ነገር ስንት ሰው እንዳስገደለ ስለሚያውቁት ይመስለኛል። ከሁለቱ መካከል ደግሞ የሮማውያኑ መንገድ ዓምዶች ቆመዋል።

«ፈርሶ መሠራት የቤሩት ብቻ ነው ወይ?» ያላችሁ እንደሆነ የአራዳውን ጊዮርጊስ አስታውሱ። ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1917፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 የነገሡበት ስምንት ማዕዘን ካቴድራል፣ በ1937 ጣልያኖች አቃጥለውት ነበር። ከነጻነት በኋላ ታደሰ። ዛሬ ፒያሳ የሚያልፍ ሰው ስንቱ ያስታውሳል? እኔ ራሴ አዲስ አበባ ሳለሁ አላውቅም ነበር፤ እዚህ መጥቼ ነው ያወቅሁት።

የመጨረሻውን ፍርስራሽ ግን ሁላችንም እናውቃለን። 4 ኦገስት 2020፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ወደቡ ላይ የተከማቸው 2,750 ቶን አሞንየም ናይትሬት ሲፈነዳ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም እንደኛ ለሥራ የመጡ ስደተኞች ነበሩበት። ሁለቱም ካቴድራሎች ዳግመኛ ተጎዱ፤ መስታወታቸው ረገፈ፣ በሮቻቸው ተገነጠሉ። እኔ ያን ጊዜ አሽረፊዬ ነበርኩ። ማዳም እየጮኸች፣ እኔ በባዶ እግሬ፣ ፎቁን ሙሉ የመስታወት ስብርባሪ ሞልቶት። ሳምንት ሙሉ መስታወት ጠረግሁ። ከወር በፊት ደመወዝ የሚከፍሉበት ዶላር ጠፍቶ በየመንገዱ ዳር ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉ እኅቶቻችን ደግሞ ያን ምሽት ከየት እንደሚገቡ አያውቁም ነበር። ያኔ ማኅበራችን ሩዝ ያከፋፈለበትን ጓዳ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ከፍንዳታው በኋላ በአንድ እሑድ ወደ ሩም ኦርቶዶክሱ ሄድኩ። በሩ ላይ ጋሪ የጠበቅሁበት ቦታ መስታወት ተከምሮበታል። አንዲት ፊሊፒናዊት፣ አንዲት የባንግላዴሽ ልጅ፣ ጥቂት የሊባኖስ ተማሪዎች መጥረጊያ ይዘው ይጠርጋሉ። ማንም «አንቺ ውጪ ጠብቂ» አላለኝም። መጥረጊያ ሰጡኝ። ለካ ለመጥረግ ሲሆን መግባት ይቻላል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ፤ ግን ጠረግሁ፣ ከዚያም ሥዕሉ ሥር ሄጄ ሻማዬን አበራሁ።

እንግዲህ ከሚያዝያ 23 በፊት ባለው እሑድ ከጸሎት በኋላ አብረን ሄደን ለማየት አስበናል። የእነሱ የጊዮርጊስ በዓል በፈረንጅ ኤፕሪል 23 ስለሆነ ከኛ ስምንት ቀን ይቀድማል፤ በእኛው ቀን ሕዝብ አይበዛም። የምንገናኘው ዶራ ድልድዩ ሥር ነው፤ ሰርቪስ ለአራት ለአራት ሆነን እንከፍላለን። ነጠላ ያላችሁ ያዙ። ከሥር ያለው ሙዚየም ክፍት መሆኑን አስቀድሜ ሄጄ እጠይቃለሁ። ፓርላማው እዚያው ስለሆነ ወታደር መንገድ ላይ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ኢቃማችሁን እንዳትረሱ፣ ኮፒም ቢሆን። ኢቃማ የሌላችሁ ወይም ማዳም የያዘችባችሁ እኅቶች ግን በዚህ ቀን አትምጡብኝ፣ አደራ። ስማችሁን በወረቀት ጻፉና ለእኔ ስጡኝ፤ በየስማችሁ ሻማ አበራለሁ፣ የብሩታዊትንም ፎቶ በስልክ አንስቼ አመጣላችኋለሁ። እዚህ ገጽ ላይ እንዳላትመው ፎቶ ኮፒው ያጠቁረዋል።

ይቆየን።